ሩገር 10/22 ካርቢን፦ ከውሻ ጋር ለሚደረግ የሽኮኮ አደን ምን ያህል ይመቻል?

በምሥራቃዊ አሜሪካ፣ በተለይም የአፓላችያ ተራሮች በሚያቋርጧቸው በቨርጂኒያ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በኬንታኪና በቴነሲ ግዛቶች፣ የዛፍ ሽኮኮን በውሻ እያስፈለጉ ማደን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የገጠር ሙያ ነው። ለዚህ አደን የሚያዘው ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ልከኛ፣ ጥይቱም ርካሽ የሆነው ባለ 22 ካሊበር ሲሆን፣ ከዚህ ዓይነቱ መካከል በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ሩገር 10/22 ነው። በመደብሮች የሚሰጠው ምክር ጠመንጃው ወረቀት ዒላማ ላይ በሚያሳየው ውጤት ላይ ያተኩራል። ከውሻ ጋር የሚያድን ሰው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጠመንጃው በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ነው። ይህን ጠመንጃ የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ሩገር ኩባንያ 10/22ን ለገበያ ያቀረበው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተመርቶ ተሽጧል። መደበኛው ካርቢን (አጠር ያለ ጠመንጃ ማለት ነው) የእንጨት ሰደፍ ያለው ነው፤ አፈሙዙ 47 ሳንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 2.3 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ውሻን ተከትሎ ዳገት ለሚወጣና ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ቅለት ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ካዝናውን ነው። የሚይዛቸው ዐሥር ጥይቶች በቁመት የተደራረቡ ሳይሆኑ በሚሽከረከር ማዕከል ዙሪያ የተደረደሩ በመሆናቸው፣ ካዝናው አጭርና ድፍን ሆኖ ከጠመንጃው ሆድ ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። ጠመንጃው በአንድ እጅ ሲያዝ ሚዛኑን የሚጠብቀው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መዳፍ ከሥሩ አቅፎ ሲይዘው የሚቆረቁር ጠርዝ አያገኝም። በሌላው እጁ የውሻ ገመድ የያዘ አዳኝ የዚህን ጥቅም ለመረዳት ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልገውም።

ጠመንጃው ከውሻው ሥራ ተነጥሎ ሊመዘን ስለማይችል ስለ ውሻው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ለሽኮኮ አደን በብዛት የሚመረጡት ትንሹና ቀልጣፋው ፊስት፣ እንዲሁም ሰውነቱ ገዘፍ ያለው ማውንቴን ከር ናቸው። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ድርጅት ዩናይትድ ኬኔል ክለብ ሁለቱንም በመዝገቡ ያሰፈራቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተራራው ሰው ግን ከዚያ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ሲያረባቸው ኖሯል። ጎበዝ ፊስት በአፍንጫው ብቻ አይሠራም፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ ያያል፣ ከዚያም የፊት እግሮቹን ግንዱ ላይ ሰቅሎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ሽኮኮው ዓይኑን ውሻው ላይ ተክሎ ከወፍራም ቅርንጫፍ ጋር ተለጥፎ ይቀራል። አዳኞቹ ሁለት ከሆኑ አንደኛው ባለበት ጸጥ ብሎ ሲቆም፣ ሌላው ከዛፉ ራቅ ብሎ ይዞራል፤ ሽኮኮውም ከሚንቀሳቀሰው ሰው ለመደበቅ ሲል ወደ ቆመው ሰው በኩል ይመጣል። ርቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሜትር ነው፤ ራሱን ለተኳሹ የሚያሳየውም ለአፍታ ብቻ ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ መመታት ያለበት ጭንቅላቱ ላይ በመሆኑ፣ ዒላማው ከዋልነት ፍሬ ብዙም አይበልጥም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። 10/22 ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው፤ አንድ ጥይት ሲተኮስ ቀለሁን በቀኝ በኩል አስፈንጥሮ ያወጣና ቀጣዩን ጥይት በራሱ ይጎርሳል። በዚያው ቅጽበት ሽኮኮው ከዛፉ ይወድቃል፤ ውሻውም ከወደቀበት ለመድረስ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ አንዳንዴም ሽኮኮው መሬት ሳይደርስ በአየር ላይ ሊቀልበው ይሞክራል። አዳኙ ደግሞ በደስታ ወደ ዛፉ ይገሰግሳል። በእጁ ያለው ጠመንጃ ግን ጥይት የጎረሰ፣ ምላጩን የነካ ነገር ሁሉ ሊያስተኩሰው የሚችል ጠመንጃ ነው። ጫካው በወደቁ ግንዶች፣ በሐረግና በእርጥብ ቅጠል የተሞላ መሆኑን ሲያስቡት፣ ይህ ቅጽበት ከአደኑ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የጠመንጃው መቆለፊያ ከምላጩ ፊት ለፊት የሚገኝ፣ ከጎን ወደ ጎን የሚገፋ ትንሽ ቁልፍ ነው። ወደ ግራ ሲገፋ ይከፈትና ቀዩ ቀለበት በግራ በኩል ይታያል፤ ወደ ቀኝ ሲገፋ ይቆለፋል። በቀኝ እጁ ለሚተኩስ ሰው መክፈቱ እጅግ ቀላል ነው፤ ምላጭ የሚስበው ጣት ቁልፉን በቀኝ በኩል አግኝቶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መቆለፉ ግን ያን ያህል አይቀናም፤ ጣትን ወደ ግራ ጎን ማሻገር ወይም ሌላኛውን እጅ መጠቀም ይጠይቃል። ይህም ማለት ከተኩስ በኋላ፣ ልብ በሚቸኩልበት ሰዓት፣ እጅ ይበልጥ የሚቸገርበትን እንቅስቃሴ ማድረግ ግድ ይላል ማለት ነው። መፍትሔው ልምምድ ነው። ጠመንጃውን አዲስ የገዛ ሰው ወደ ጫካ ከመውጣቱ በፊት፣ ባዶ መሆኑን ደጋግሞ ካረጋገጠ በኋላ፣ ሳያይ መቆለፍ እስኪችል ድረስ እጁን ቢያስተምር እጅግ አድርጌ እመክራለሁ።

በመደበኛው ካርቢን የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ መቀባበያው ወደ ኋላ ቀርቶ አይቆምም፤ ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ጠመንጃው ባዶ ይሁን አይሁን ከውጭ በማየት አይታወቅም፤ ካዝናውን አውጥቶ፣ መቀባበያውን ስቦ፣ ውስጡን በዓይን ማየት የግድ ነው። መቀባበያውን ወደ ኋላ ይዞ የሚያስቀረው ማቆሚያ ከምላጩ መከለያ ፊት ያለ ትንሽ ብረት ሲሆን፣ በጓንት እጅ ለመጠቀም አይመችም። ሽኮኮ በውሻ የሚታደነው ይበልጡን ቅጠል ከረገፈ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር ብርድ በመሆኑ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ወደ ጫካ ይዘውኝ የሚወጡት አዛውንት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፊስት ያሳደጉ የቨርጂኒያ ተራራ ሰው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የማይሻር ደንብ አላቸው። ውሻቸው ዛፍ ሥር ቆሞ እስኪጮህ ድረስ ማንም ጥይት አያጎርስም፤ ሽኮኮው ከወደቀ በኋላም ጠመንጃው ተቆልፎ አፈሙዙ ወደ ሰማይ እስኪቀና ድረስ አንድ እርምጃ እንኳ አያስኬዱም። ይህ ደንብ የ10/22ን ጉድለቶች በሙሉ ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ። ገጠር ያደግን ሰዎች ጠመንጃን እንደ ክብርና እንደ መከታ እያየን ስለኖርን፣ ይህን የመሰለ ቀላል መሣሪያ መናቅ ይቀናን ይሆናል፤ ነገር ግን ትንሿ ጥይትም ሰውን ትገድላለች።

ምላጩ ከፋብሪካ ሲወጣ ለጥንቃቄ ተብሎ ከበድ ያለ ነው። በወረቀት ዒላማ ላይ ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ ወደ ላይ አንጋጦ፣ ትከሻን ዛፍ ላይ አስደግፎ ትንሽ ጭንቅላት ለሚያነጣጥር ሰው ግን አፈሙዙን ከቦታው ያንቀሳቅስበታል። ኩባንያው ራሱ ቢኤክስ በሚል ስም የሚሸጠው ምትክ ምላጭ ከ1.1 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል የሚሳብ ሲሆን፣ ሁለት ብሎኖች ከተፈቱ በኋላ ሰደፉ ይነሳና ምላጩን ከነቤቱ የያዙት ሁለት ዘንጎች ወጥተው በቀላሉ ይቀየራል። ለዚህ አደን ተጨማሪ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ከሌላው ጌጥ ሁሉ ይህን ያስቀድም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መነጽር ነው። ጠመንጃው ከላዩ የሚታሰር የመነጽር መቀመጫ ይዞ ይመጣል። ለትልቅ አውሬ የተሠሩ መነጽሮች በአብዛኛው ለ100 ያርድ የተስተካከሉ ሲሆኑ፣ ለባለ 22 የሚሠሩት ግን ለ50 ወይም ለ60 ያርድ ስለሚስተካከሉ፣ በዛፍ ሥር ላለው ቅርብ ርቀት የሚስማሙት እነሱ ናቸው። በጫካ ጥላ ውስጥ ሽኮኮን ቶሎ ለማግኘት ሰፋ ያለ እይታ የሚሰጥ፣ አራት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃል።

ስለ ጥይቱም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የጠመንጃው አሠራር በጥይቱ ግፊት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ድምፃቸው የሚቀንሰው ዝግተኛ ጥይቶች መቀባበያውን ሙሉ በሙሉ ላይገፉት ይችላሉ፤ 2.6 ግራም ክብደት ያለው ፈጣኑ ጥይት ግን ያለ ችግር ይሠራል። ይህ ጥይት ወደ ባዶ ሰማይ ቢተኮስ እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሽኮኮው ከወፍራም ግንድ ወይም ከጠንካራ ቅርንጫፍ ጋር ተለጥፎ፣ ጥይቱ ቢስት እንጨቱ ውስጥ የሚቀር ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ጠመንጃ ወደ ላይ መተኮስ አይገባም። በጫፍ ቅርንጫፎች ላይ እየሮጠ ላለ ሽኮኮ ትክክለኛው መሣሪያ ጥቃቅን እርሳስ የሚረጨው ሾትገን ነው፤ እርሳሱ ኃይሉን ቶሎ ስለሚጨርስ ሩቅ አይሄድም። ሾትገን ግን ድምፁ ከባድ በመሆኑ፣ ገና የሚማር ወጣት ውሻ አጠገብ ያለ ዝግጅት ቢተኮስ ውሻው ተኩስ የሚፈራ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚህ በኩል ባለ 22 ጠመንጃ ለውሻ ማሠልጠኛ ተመራጭ ነው።

ዐሥር ጥይት በፍጥነት መተኮስ መቻሉ ለዚህ አደን የሚጨምረው ጥቅም እምብዛም ነው፤ የመጀመሪያው ጥይት ከሳተ ሁለተኛው የተሻለ ዕድል አይኖረውም። ስለዚህ ጠመንጃ ይዞ ለማያውቅ ጀማሪ፣ በተለይም ለወጣት፣ ከ10/22 ይልቅ በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል በእጅ የሚቀባበለውን የዚያኑ ኩባንያ ሩገር አሜሪካን ሪምፋየር እመርጣለሁ። ይህኛው አዳኙ ራሱ ካላቀባበለው በስተቀር ሁለተኛ ጥይት ስለማይጎርስ፣ ውሻው በሚሮጥበት ሰዓት ጠመንጃው ባዶ ቀለህ እንደያዘ ይቆያል። የሁለቱ ካዝና አንድ ዓይነት በመሆኑም በኋላ 10/22 ለመግዛት የሚፈልግ ሰው የነበሩትን ካዝናዎች ይጠቀምባቸዋል።

ሥጋውን በተመለከተ፣ በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው በሃይማኖቱ ሥርዓት ምክንያት ሽኮኮም ሆነ ጥንቸል አይበላም፤ እኔም የድርሻዬን ለአዛውንቱ ቤተሰብ እተዋለሁ። የማይበላን እንስሳ ገድሎ ጫካ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና፣ ሥጋውን የሚቀበል ሰው አስቀድሞ ያላዘጋጀ አደን ባይወጣ ይሻላል። በቨርጂኒያ ግን የሽኮኮ ሥጋ የቆየ ምግብ ነው፤ የብረንስዊክ አውራጃ ሰዎች በስማቸው የሚጠራው ወጥ በ1828 እ.ኤ.አ. በሽኮኮ ሥጋ እንደተጀመረ ይናገራሉ።

ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎች፣ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን፣ ቅጽ መሙላትና የጀርባ ታሪክ ምርመራ ማለፍ አለበት። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ መግዛት ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖር ሰው ግን በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ካስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ግዛቶች የየራሳቸው ተጨማሪ ደንብ ስላላቸው፣ ከመግዛት በፊት የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ማጣራት ያስፈልጋል። በቨርጂኒያ የሽኮኮ አደን ወቅት የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲሆን፣ አንድ አዳኝ በቀን ከስድስት በላይ መግደል አይፈቀድለትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰውም በመርህ ደረጃ የአዳኞችን የደኅንነት ትምህርት አስቀድሞ መጨረስ ይጠበቅበታል።