የዱ ፕሬና የባረንቦይም ሾፓን፦ ለማልቀስ አይደለም የሚሰማው

ክላሲካል ሙዚቃ እንቅልፍ ያመጣል የምትሉ ሰዎች መጀመሪያ ይሄን አልበም ስሙና ከዚያ እናውራ። ቼሎውን፣ ያን በቀስት የሚጫወቱትን ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ፣ ዣክሊን ዱ ፕሬ፣ ፒያኖውን ባለቤቷ ዳንኤል ባረንቦይም ይጫወታሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ የተቀዳ ነው። የሁለት አቀናባሪዎች፣ የሾፓንና የፍራንክ፣ ሶናታዎች (ባለ ብዙ ክፍል የመሣሪያ ሙዚቃዎች) አሉበት።

ይህ ቅጂ ሲነሳ ሁሌም የሚቀድመው ሐዘኑ ነው። የመጨረሻ የስቱዲዮ ሥራዋ ነው፤ በ1973 መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ እንዳለባት ታወቀ፣ በ1987 በ42 ዓመቷ አረፈች። ያሳዝናል፣ አዎ። ግን እስቲ የሾፓንን ሁለተኛ ክፍል፣ ፈጣኑን ስኬርዞ ክፈቱ። እዚያ ያለችው ሴት ከንፈር የሚመጠጥላት አይደለችም፤ ቀስቱን ገመዱ ላይ ስትጭነው ቅንጣት አትሰስትም፣ አንዳንዴ ድምፁ ሻከር እስኪል ትገፋዋለች፣ እኔ ደግሞ የምወድላት ያንኑ መሻከር ነው።

ዝግ ያለው ሦስተኛ ክፍል፣ ላርጎውማ ሌላ ነው። አራት ደቂቃ ገደማ ብትሆን ነው። ዜማው ከቼሎ ወደ ፒያኖ፣ ከፒያኖ ወደ ቼሎ ይሄዳል፤ ማንም አይቸኩልም።

ሾፓን ይህን ሶናታ የጻፈው ለቼሊስት ጓደኛው ለፍራንሾም ነው። በ1848 በመጨረሻው የፓሪስ ኮንሰርቱ አብረው ሲጫወቱት የመጀመሪያውን ክፍል ዘለሉት። አልፈርድባቸውም፤ ረጅም ነው፣ ፒያኖው ኖታ ይበዛበታል። ባረንቦይምም ለሚስቱ ቦታ ልልቀቅ ብሎ ነው መሰል አንዳንድ ቦታ ከሚገባው በላይ ይለሰልሳል። ኮከብ የምቀንሰው በዚህ ነው።

ፍራንክ የራሱን ሶናታ በ1886 ለቫዮሊኒስቱ ኢዛይ የሰርግ ስጦታ አድርጎ ነው የጻፈው። ወደ ቼሎ ያመጣው ቼሊስቱ ዴልሳር ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ ፒያኖው ዜማውን ይጀምርና ቼሎው ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ይዞ ይነሳል፣ ልክ አዝማሪ ያወጣውን ማሲንቆው ከኋላ እየተከተለ እንደሚደግመው።

በስልክ ስፒከር ግን አትሞክሩት፣ የቼሎው ወፍራም ድምፅ ድራሹ ይጠፋል። መኪና ውስጥም አይሆንም። ከደብረ ብርሃን ስትነሱ ብትከፍቱት ሸኖ አካባቢ ያልቃል፣ ግን ላርጎውን ሞተሩና የሹፌሩ ዘፈን ይበሉታል። ማታ፣ ብርዱ ሰውን ሁሉ ቤት ካስገባ በኋላ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ዳታ ካጠራችሁ ሾፓንን ብቻ አውርዱ።