የቦል ፓይተን ቤት፦ የመስታወት ሣጥን ይሻላል ወይስ ፒቪሲ?

እዚህ ሜሪላንድ፣ ልጆቻቸው «ቦል ፓይተን ካልገዛችሁልን» ብለው የያዟቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሳሎን ውስጥ እየታየ የሚኖርበትን ቤት ከመስታወት የተሠራውን ይግዙ ወይስ ከፒቪሲ፣ ማለትም ከጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ የተሠራውን? መልሴ ምንጊዜም ፒቪሲ ነው። ይህ ትንሽ ዘንዶ በአግባቡ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚኖር፣ ቤቱ ሲገዛ ለረጅም ጊዜ ታስቦ ሊገዛ ይገባል።

ሰው ወደ መስታወቱ የሚሳበው በዋጋው ነው። 40 ጋሎን የሚይዘው አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ሣጥን) ቅናሽ ሲኖር ከ100 ዶላር በታች ይገኛል፤ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱም 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የፒቪሲ ቤት ግን ከ300 እስከ 450 ዶላር ይጠየቃል። ሆኖም በአኳሪየሙ ላይ የወንፊት ክዳኑ 30፣ የክዳኑ ማያያዣዎች 10፣ ሁለት የአምፖል መያዣዎች 45፣ የሴራሚክ ማሞቂያው 20 ዶላር ሲጨመርበት ሒሳቡ 200 ዶላር ይደርሳል። ከዚህም የሚብሰው፣ ይህ ሣጥን 91 በ46 ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ 120 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለምታድግ ሴት ቦል ፓይተን አይበቃም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ትልቁን ቤት መግዛት አይቀርም። ያን ጊዜ የመጀመሪያው 200 ዶላር እንዲሁ ባክኖ የቀረ ወጪ ይሆናል።

ቦል ፓይተን ተወላጅነቱ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ ከ60 እስከ 80 በመቶ እርጥበት፣ በሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ደግሞ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋል። በብርዱ ወራት የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው፣ ጠዋት ውኃ የተረጨበት ባለ ወንፊት ሣጥን ማታ ከ40 በመቶ በታች ወርዶ ይገኛል። ጉዳቱ እባቡ ቆዳውን ሲገፍ ይታያል፤ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ሙሉውን መውጣት የነበረበት ቆዳ ተበጣጥሶ ይቀርና በዓይኑ ላይና በጅራቱ ጫፍ ላይ ይጣበቃል። የክዳኑን አብዛኛውን ክፍል በአሉሚኒየም ቴፕ መሸፈን ይረዳል፤ ለሳሎን ዕይታ የተገዛ ዕቃ ግን በቴፕ ተለጣጥፎ ሲታይ ያሳዝናል። ፒቪሲ እርጥበቱንም ሙቀቱንም ይዞ ያቆያል።

ልዩነቱ በመብራት ሒሳብም ላይ ይመጣል። ኪሎዋት ሰዓቱ 17 ሳንቲም ቢሆን፣ በወንፊት ሥር ቀን ከሌት የሚነድ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ በወር 12 ዶላር ያህል ያስከፍላል፤ በፒቪሲ ቤት ጣሪያ ላይ የተገጠመ ባለ 80 ዋት የማሞቂያ ሰሌዳ ግማሹን ሰዓት ብቻ ቢሠራ 5 ዶላር አይሞላም። ሰሌዳው ራሱ 100 ዶላር ገደማ መሆኑን ግን አልሸሽግም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ ርካሽ ቅጂዎች ነው። በኢንተርኔት በ180 ዶላር የሚሸጡ፣ በፎቶ ከጥሩዎቹ ጋር አንድ የሚመስሉ የፒቪሲ ቤቶች አሉ። አንድ ወዳጄ የገዛውን ለመጠገን ሄጄ ሳየው፣ የጣሪያው የፒቪሲ ሰሌዳ ስስ ስለነበር በሙቀቱ መሐሉ ረግቦ የላይኛውን የበር ሐዲድ ወደ ታች ተጭኖት ነበር፤ ተንሸራታቹ መስታወት ከመሐል አልፎ አይሄድም። ብሎኖቹም ከልክ በላይ ጠብቀው በመታሠራቸው ቀዳዳዎቹ ሰፍተው አይይዙም ነበር። ወፈር ባሉ ብሎኖች ለውጠን፣ በጣሪያው ሥር የአሉሚኒየም ድጋፍ አስገብተን፣ መጋጠሚያዎቹን ሻጋታ መከላከያ ባልተጨመረበት ሲሊኮን ደፍነን አቃናነው፤ ለዕቃው 60 ዶላር ወጣ፣ ሲሊኮኑም ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ እባቡ ጊዜያዊ ሣጥን ውስጥ ከረመ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የፒቪሲ ሰሌዳውን ውፍረት ጠይቁ፤ ለዚህ ርዝመት 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን እመርጣለሁ። ሁለቱ የበር መስታወቶች በሚደራረቡበት ቦታም እርሳስ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ለጫጩት እባብ መውጫ ስለሚሆን በስስ የጎማ ጠርዝ መዘጋት አለበት።

መስታወት የሚያሸንፍበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። አይረግብም፣ በቀላሉ አይጫርም፣ በሁሉም ጎን ያሳያል፤ ያን ያህል እርጥበት ለማይፈልገው ኮርን ስኔክ ለሚባለው ሌላ የእባብ ዓይነት ደግሞ ያገለገለ የመስታወት ሣጥን ገዝቶ ክዳኑን ማጠናከር ብልህነት ነው። ነገር ግን ባለ 40 ጋሎኑ ባዶውን 26 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አፓርታማ ለሚቀያይር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሜላሚን የተለበጠ እንጨት ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ውኃ ስቦ ያብጣል፤ አክሪሊክ ቶሎ ይጫራል። ሁለቱንም አልመክርም።

የትኛውንም ቤት ብትመርጡ ያለ ቴርሞስታት (ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ) ማሞቂያ አትሰኩ። ርካሹ በ30 ዶላር ይገኛል፤ የእነዚህ ደካማ ጎን ማብሪያ ማጥፊያው በርቶ ተጣብቆ መቅረቱ ሲሆን፣ ያን ጊዜ እባቡ ይቃጠላል። የዩኤል (UL) ወይም የኢቲኤል (ETL) የደኅንነት ፍተሻ ምልክት ያለውን፣ ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚቀንሰውን ዓይነት ከ100 ዶላር በላይ ቢሆንም ግዙት፤ ገንዘብ ካጠራችሁም ከጌጡ ቀንሱ። የሙቀት መለኪያ ሽቦውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ አጥብቃችሁ እሠሩት፤ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ከወደቀ ማሞቂያው ያለ ማቋረጥ ይነድዳል። አምፖል ከሆነ የምትጠቀሙት፣ እባቡ እንዳይጠመጠምበት በሽቦ ይከለል። ከዚያም የኮኮናት ልጣጭ ንጣፉን፣ ሁለቱን መደበቂያዎችና የውኃ ሣሕኑን አስገብታችሁ፣ እባቡን ከማምጣታችሁ በፊት ባዶውን ቤት አንድ ሳምንት አብርታችሁ ሙቀቱንና እርጥበቱን ጠዋትና ማታ በዲጂታል መለኪያ መዝግቡ።