«2 ቴራባይት» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ኤስኤስዲ ሳትፈትሹ እንዳትገዙ

ለገጣፎ በሚገኘው የቤት ፕላን መንደፊያ ቢሯችን አራት ሆነን የምንሠራባቸውን ፋይሎች አንድ ቦታ ለማስቀመጥ አስበን፣ 2 ቴራባይት የተባለ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ ዲስክ) ገዝተን በዋናው ኮምፒውተር ላይ ሰካነውና በኔትወርክ ሼር አደረግነው። ዋጋው ሌሎች ሱቆች ከጠሩልን ግማሽ አይሞላም ነበር፤ መጠርጠር የነበረብን ያኔ ነው።

ሁለት ወር ያህል ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን የአውቶካድ ሥዕሎቻችን አንድ በአንድ አንከፈት አሉ፤ ስማቸው፣ መጠናቸውና የተቀመጡበት ቀን ግን እንዳለ ነበር። ሻጩ በኔትወርካችንና በመብራት መቆራረጥ ስላሳበበ፣ አምነነው ኬብሉንም ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን የኔትወርክ ስዊችም ቀየርን፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። መብራት ሲጠፋ ፋይል ሊበላሽ እንደሚችል እሙን ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው የሚጎዳው በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ያለውን ነው እንጂ ከሳምንት በፊት ተቀምጦ ማንም ያልነካውን አይደለም።

ዲስኩን ነቅለን በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ ስንሰካው እነዚያው ፋይሎች አልከፈት ስላሉ፣ ኔትወርኩ ከጥርጣሬ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ገልብጠን የዋናውንና የቅጂውን ሻ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ይዘቱ ትንሽ ከተለወጠ የሚለወጥ መለያ) አመሳከርን። መጀመሪያ ገጠመ፤ ኮምፒውተሩ ያነበበው ገና ከራሱ ሚሞሪ ስለነበር ነው። ዲስኩን ነቅለን መልሰን ስንሰካው ግን አሻራው ተለያየ። ሽፋኑን ስንፈለቅቀው ውስጡ ያገኘነው በሙጫ የተለጠፈ፣ 128 ጊጋባይት የሚል ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው ዕቃ የሌለውን መጠን እንዳለው አድርጎ ለኮምፒውተሩ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከእውነተኛው መጠን በላይ የሚጻፈው ወይ ይጠፋል፣ ወይ በቀደመው ላይ ይደረባል፤ የፋይሎቹ ማውጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ክፍል ስለሚቀመጥ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ቫሊድራይቭ (ValiDrive) በተባለው የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም አስፈትሹ፤ ዲስኩን በ576 ቦታዎች እየጻፈና እያነበበ ይመረምራል። ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ስለሚያነበው ሰዓታት ይፈጃል፣ ቢሆንም ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ይህን ከገዛችሁ በኋላ ስለምታደርጉት፣ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ዲስኩን መመለስ እንደምትችሉ በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የ2 ቴራባይት ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 1.81 ገደማ ሆኖ መታየቱ ግን የአቆጣጠር ልዩነት ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ከአሁን ጀምሮ ምንም አትጻፉበት፤ የሚከፈተውን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡና እያንዳንዱን ከፍታችሁ እዩ። የቆየ ባክአፕ ካላችሁ ደግሞ ከዚህ ዲስክ በወጣው አትተኩት። እኛ በደህናው ቅጂ ላይ የተበላሸውን ስለገለበጥንበት የሦስት ደንበኞችን ፕላን ከባዶ እየነደፍን እንገኛለን።