ደሴ ማሊያ ላይ ስም ልታሳትሙ ያሰባችሁ ይሄን አንብቡ

ለመምህራን ቡድናችን ማሊያ ያሳተምነው ፒያሳ አካባቢ ነው፣ የቤቱን ስም ልተወው፣ ዋንጫ ሜዳሊያ ሰርተፊኬት የምርቃት ሪባን ሁሉንም ስለሚሰሩ ስፖርተኛውም የትምህርት ቤት ሰውም እዛው ነው የሚጋፋው። ህትመቱ ምርጥ ነው ወላሂ። ሆጤ ሜዳ አቧራ ላይ ተንከባለንበት፣ ታጠበ፣ ቁጥሩ ጫፉ እንኳን አልተነሳም። (ስታጥቡ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ካውያ ፊደሉ ላይ እንዳታሳርፉ፣ በሙቀት የተለጠፈ በሙቀት ይላቀቃል።)

ጉዱ ፎርሙ ላይ ነው። «ላስት ኔም» የሚል ቦታ አለው፣ ልጁም እሱን እያየ ለሁላችንም የአባት ስም አተመልን፣ እንደ አውሮፓ ክለብ መሆኑ ነው። ኧረ ወሎ ውስጥ! ተከላካዩ በሙሉ ይማም ሆኖ ቁጭ፣ ወንድማማች አይደሉ ዘመድ አይደሉ፣ አንዱ «ይማም አቀብል» ሲል ግማሹ ቡድን ይዞራል። ብርቅ የአባት ስም ያለው አንድ ጓደኛችን ብቻ ተለይቶ ወጣ፣ እሱንም ተማሪዎቹ ቲቸር ብለው ከራሱ ስም ጋር ስለሚጠሩት ማን እንደሆነ ጠፋቸው።

እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለማ! ጥር 1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንበላ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ሁለቱም አግብተዋል፣ ወንድማማች ናቸው፣ ስሙም የጣሊያን ነው፣ እነሱ ጀርባ ላይ ቫሳሎ ቢጻፍ ያስኬዳል። አራተኛዋን ያገባው መንግስቱ ወርቁን ግን ወርቁ ብሎ የሚጠራው ማነው? ኃይሌን ፈረንጅ ገብረሥላሴ ይለዋል፣ ለኛ ኃይሌ ነው። እጅጋየሁ ጥሩነሽ ገንዘቤ እህትማማቾች ስለሆኑ ሶስቱም ዲባባ፣ ደራርቱ ቱሉ ደግሞ ዘመዳቸው ሆና በስም አትገናኛቸውም። እሱ ሁሉ ይቅር፣ እዚሁ ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነው፣ የእቴጌ መነን እናት፣ ታዲያ «ሚካኤል ነው የተማርኩት» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ለባለቤቱ ስንነግረው አልተጨቃጨቀም፣ «አብሽሩ» አለና የስቲከሩን ብቻ አስከፍሎ ቀየረልን፣ ይሄ ያስመሰግነዋል። ግን ፊደል ሲላጥ ሙጫው ጥላ ይተዋል፣ ፀሐይ ላይ ስትቆሙ ከራሳችሁ ስም ስር ይማም ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ ነጭ ማሊያ ከሆነ ብዙም አያስታውቅ ይሆናል የኛው ጥቁር ሰማያዊ ነው።

ስለዚህ ፎርማቸውን ተዉት፣ ጀርባ ላይ የሚወጣውን በቁጥር በቁጥሩ ራሳችሁ ጻፉና ስጡ፣ ከማተማቸው በፊት ኮምፒውተሩ ላይ አሳዩን በሉ፣ ያሳያሉ። ሰርተፊኬት ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ ሂዱ፣ እስከ አያት ድረስ አንድ ፊደል ሳይስቱ ይጽፋሉ።