እናቴ ብቻዋን የተሳፈረችበት መናኸሪያ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ትራንዚት ሴንተር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከቤቴና ከሥራ ቦታዬ ቀጥሎ ብዙ ሰዓት ያሳለፍኩት እዚህ መናኸሪያ ነው። የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ማታ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ እኔ ባቡር እሳፈራለሁ፤ ጠዋት ሰው ሲወጣ እኔ እገባለሁ። ስለ ቦታው እጽፋለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ተውኩት። ባለፈው መስከረም እናቴ መጥታ ሦስት ወር አብራኝ ከረመች፤ በእሷ ዓይን ካየሁት በኋላ ግን መጻፍ አለብኝ አልኩ። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ሙሉ ስሙ ፖል ሳርቤንስ ትራንዚት ሴንተር ነው፤ የሜሪላንድ ሴናተር በነበሩት ሰው ስም የተሰየመ። ባለ ሦስት ደረጃ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። በታችኞቹ ሁለት ፎቆች አውቶቡሶች ይቆማሉ፤ ላይኛው ለታክሲና ሰው አድርሰው ለሚመለሱ የቤት መኪኖች ነው። አጠገቡ ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው፣ ሜትሮ የሚባለው የዋሽንግተን ዲሲ የከተማ ባቡር የቀይ መስመር ጣቢያ አለ። ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ ባቡርም እዚያው ይቆማል።

እኔ ስመጣ ሕንፃው ተሠርቶ ቆሟል፤ ሰው ግን አይገባበትም። ግንባታው በ2008 ተጀምሮ በ2011 ይጠናቀቃል የተባለ ነበር። ኮንክሪቱ ተሰነጠቀ፣ አንዳንድ ቦታም ውፍረቱ ከታሰበው አነሰ ተብሎ ሲመረመርና ሲጠገን ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ እሁድ መስከረም 20 ቀን 2015 ተከፈተ። ቀኑን የማልረሳበት ምክንያት አለኝ። በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ሥራ ጀምሮ ነበር፤ እህቴ የባቡሩን ፎቶ ስትልክልኝ እኔም የዚህን ፎቶ መልሼ ላኩላት። ሁለቱ ከተሞቼ በአንድ ቀን ሲመረቁ ያየሁ ያህል ደስ አለኝ።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ እንግሊዝኛ አታነብም። የመጀመሪያ ቀን ይዣት ስሄድ አውቶቡሶቹ ተደርድረው ባየች ጊዜ ዙሪያዋን ቃኘችና «ወያላ የለም እንዴ? ታዲያ ማን ነው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠራው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው የቀረው» ብሎ የሚጠራ ሰው ያልተማረውንም፣ እንግዳውንም፣ ዓይኑ የደከመውንም ታክሲው ላይ ያሳፍራል። ያ ድምፅ በሌለበት ቦታ ሥራውን የሚሠራው የቦታው አሠራር ራሱ ነው።

እዚህ ላይ መናኸሪያው አንገቴን አላስደፋኝም። እያንዳንዱ አውቶቡስ የራሱ መቆሚያ አለው፣ መቆሚያው ቁጥር አለው፣ ከላይ ጣሪያ አለው። ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ ለመያዝ መንገድ ለመንገድ መንከራተት የለም፤ ዝናብም በረዶም ቢሆን ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ነው። እናቴ በሁለተኛው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። የመቆሚያውን ቁጥር መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ደግሞ በላዩ። «እማዬ፣ ልሸኝሽ» ብላት «ተኚ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠሪ አድረሻል» አለችኝ። እንቅልፍ የት ይመጣል! ከሁለት ሰዓት በኋላ ደውላ የቅዳሴውን ድምፅ አሰማችኝ።

ሌላው የረዳት ሥዕሉ ነው። ኮልስቪል መንገድ ላይ፣ በባቡሩ ድልድይ ሥር፣ ፔንግዊኖች እንደ ሠራተኛ ሕዝብ ወደ ሜትሮ ሲጣደፉ የሚያሳይ ረጅም ሥዕል አለ። እናቴ «ኮት የለበሱት ወፎች» ትላቸዋለች። በስልክ የት እንደደረሰች ስጠይቃት «ወፎቹ ጋ ነኝ» ካለች ሌላ ምልክት አያስፈልገኝም። ትልልቅ ጣቢያ የሚያቅዱ ሰዎች ይህን ቢያዩት እመኛለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው «እዚያ ጋ» ብሎ የሚቀጥርበት አንድ ነገር ያስፈልጋል።

ዋጋውንም ላንሳ። ራይድ ኦን የሚባሉት የሞንትጎመሪ ካውንቲ አውቶቡሶች ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ናቸው። ካርድ መሙላት የለ፣ ዝርዝር መፈለግ የለ። ለእንግዳ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከመግቢያው ላይ ሰው እያስቆመች የምትሳቀቅበት ምክንያት አይኖርም። ሜትሮው ግን ይከፈልበታል።

አሁን ወደሚጎድለው ልምጣ። እናቴ ልጅ ሆና ከለገሃር በባቡር ድሬዳዋ ሄዳለች። ለገሃርን ስታወራ ስለ ባቡሩ ብዙም አትናገርም፤ የምትነግረኝ ከጣቢያው ሲወጣ ስለሚታየው ነው። በ1929 የተሠራው ሕንፃ፣ ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ ከዚያ ቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ። «ከባቡር ወርደሽ በሩን ስታልፊ ከተማው ፊትሽ ነው» ትላለች። የዛሬው የጅቡቲ ባቡር ግን የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ነው። ለዚህ ነው ጣቢያ ሲታሰብ ሐዲዱ ብቻ አይበቃም የምለው። ተሳፋሪው ሲወርድ እግሩ የት ይረግጣል? ዓይኑ ምን ያያል?

ሲልቨር ስፕሪንግ በቦታ ዕድለኛ ነው፤ ጣቢያው እመሀል ከተማ ነው። ግን ከተማው ፊትሽ አይመጣም፤ ፈልገሽ ነው የምታገኚው። ከጣቢያው ወጥተሽ የምታርፊው መኪና በሚበዛበት ኮልስቪል መንገድ ላይ ነው። ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ቬተራንስ ፕላዛ ያለው ከጆርጂያ አቬኑ ማዶ፣ ፌንተንና ኤልስዎርዝ በሚገናኙበት ነው። በ2010 የተከፈተ ጥሩ አደባባይ ነው፤ በክረምት ልጆች በበረዶ ላይ ይንሸራተቱበታል። በእኔ እርምጃ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በእናቴ እርምጃ ግን ጆርጂያ አቬኑን መሻገር ራሱ ሥራ ነው፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ጉልበት የሚያመውን ሰው ያስቸኩላል። ከጣቢያው በር ቆመሽ አደባባዩ አይታይሽም። የማያውቅ ሰው አውቶቡስ ቀይሮ ይሄዳል እንጂ እዚያ ደስ የሚል ቦታ መኖሩን በምን ያውቃል?

መናኸሪያው ራሱ ደግሞ ለማለፍ እንጂ ለመቆየት የታሰበ አይመስልም። በምጠቀምበት ሰዓት፣ ጠዋት በጨለማ፣ አንድ ሻይ የሚሸጥ ሰው አላየሁም። በጥር ነፋሱ በኮንክሪቱ መሀል ሲያልፍ አጥንት ይገባል። እናቴ የተናገረችውን ደግሞ እንዳለ ላስቀምጠው፦ «መቀመጫ ሲሠሩ እጅ የሚደገፍበት ያድርጉበት፤ መቀመጡ መች አቃተኝ፣ መነሳቱ ነው።» ይህን የሚያውቅ መሐንዲስ እናቱን አስቀምጦ ያስነሳ ብቻ ነው። ለመናኸሪያው ኮከብ ስጪ ብባል ከአምስት አራት የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለማስተካከል ጊዜው አሁን ነው የምለው ሐምራዊው መስመር የሚባል አዲስ ባቡር ስለሚመጣ ነው። ዛሬ ከዚህ ቤተስዳ ወደምትባለው ሌላ የሜሪላንድ ከተማ ለመሄድ በቀይ መስመር ዲሲ መሀል ድረስ ወርደሽ በሌላኛው በኩል እንደገና ትወጫለሽ። ቀይ መስመሩ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ስላለው ነው። እዚያ የሚሠሩ ስንት ጓደኞቼ ዕድሜያቸውን በዚህ ዙረት ጨርሰዋል! አዲሱ ባቡር ከቤተስዳ ኒው ካሮልተን፣ 16 ማይል ላይ 21 ጣቢያዎች ይኖሩታል፤ በዚህ መናኸሪያ ያልፋል፣ ዲሲ አይገባም። ሥራው የተጀመረው በ2017 ነው፤ አሁን የተያዘው ቀጠሮ የ2027 መጨረሻና የ2028 መጀመሪያ ክረምት ነው። ያኔ እዚህ የሚወርደው ሰው ይበዛል። ከመብዛቱ በፊት ከጣቢያው በር እስከ አደባባዩ ዛፍ የተተከለበት፣ ማረፊያ ያለው፣ መሻገሪያው ለአዛውንት የሚበቃ አንድ ቀና መንገድ ቢወጣ ኖሮ! በካውንቲው የሕዝብ ስብሰባ ላይ ይህን ለመናገር ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ እዚህ የምትኖሩ ወገኖቼም ኑ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

ከዲሲ ለምትመጡ፦ የግሌንሞንት አቅጣጫ ቀይ መስመር ያዙና ሲልቨር ስፕሪንግ ውረዱ። አዛውንት ካላችሁ ደረጃውን ትታችሁ ሊፍቱን ተጠቀሙ። ኮልስቪል ላይ ወፎቹን ካያችሁ በኋላ ወደ ጆርጂያ አቬኑ ውጡ፤ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች በዚያና በፌንተን በኩል ናቸው። እንጀራ ገዝታችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ባቡሩም አውቶቡሱም ስለሚሞላ እንጀራውን ከመታጠፍ ማዳን ከባድ ነው።