የአምስት ቀን የአደጋ ሕክምና ስልጠና፦ ልምምዱ አሪፍ፣ ስላይዱ በዛ

አዲስ አበባ እሳት አደጋ ላይ ነው የምሠራው። 939 ሲደወል ሰው እሳት ብቻ ይመስለዋል፤ እኛ ግን የተገለበጠ መኪናም፣ ጉድጓድ የገባ ሰውም እንጠብቃለን። ስለዚህ የከባድ ጉዳት ስልጠና አለ ሲባል ቶሎ ተመዘገብኩ። ያሰለጠነንን ድርጅት ስሙን አልጠራም፣ ቅሬታም ስላለኝ።

ከጥሩው ልጀምር። ሦስተኛው ቀን የቱርኒኬት (እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ የሚታሰር የደም ማቆሚያ) ነበር። አሰልጣኛችን መጋረጃውን ዘግቶ መብራቱን አጠፋና ወፍራሙን የሥራ ጓንታችንን አስለብሶን፣ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ የጓደኛችሁን ጭን እሰሩ አለን። ማሰሪያውን በዘለበቱ አሳልፌ ዘንጓን ለማዞር ስታገል፣ ጓንቱ እየተንሸራተተብኝ ከደቂቃ በላይ ፈጀሁ። «ሰውዬህ ሞቷል» አለኝ ረጋ ብሎ። በሁለተኛው ዙር ሲሳካልኝ ጓደኛዬ ጮኸ። «ያማል፣ ደሙ እስኪቆም ግን እንዳትለቅለት» አለኝ። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ መገጣጠሚያ ላይ አይሆንም፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ይሄን ድሮም አውቀው ነበር፤ በጨለማ በዚያ ጓንት መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

የጭሱ ክፍልም ደስ ብሎኛል። ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ቤት ሰብረን ስንገባ ጣት ላይ የምትሰካዋን የኦክስጅን መለኪያ እናደርጋለን፣ 98 ስታሳይ ደህና ነው እንላለን። ለካ መሣሪያዋ ካርቦን ሞኖክሳይዱን (ከሰሉ የሚያወጣውን መርዛማ ጋዝ) ከኦክስጅን አትለይም። ቁጥሩ ምንም ይበል፣ በጭስ የታፈነ ሰው ኦክስጅን ይደረግለታል። አፍንጫው ውስጥ ጥቀርሻ ካለ ወይም ድምፁ ከጎረነነ ደግሞ ጉሮሮው እያበጠ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ቤት።

ለቃጠሎ የሚሮጥ ቀዝቃዛ ውሃ፣ 20 ደቂቃ። ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና የለም። አንዱ «ሰፈሩ ውሃ ከጠፋስ?» ሲል ሌላው «ቦቴ ይዘን አይደል እንዴ የምንሄደው!» ብሎ አሳቀን። አሰልጣኙም ሳቀ፤ ከተቻለ ንጹሕ ውሃ ይሁን፣ ደግሞ በግፊት እንዳታደርጉት አለ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስላይድ ብቻ ነበሩ፣ ያውም ሁሉም በእንግሊዝኛ፤ የኋላ ወንበር ላይ ግማሹ ሰው እያንቀላፋ ነበር። ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው ተብሎ በቃል ተነግሮናል፣ ግን ሃያ ስድስት ሰው ሆነን የተሰጠን ሁለት የመለማመጃ አሻንጉሊት ነው። እኔ ሁለቴ ብቻ ነው የደረሰኝ። ሰርተፍኬቱ ግን ለሁላችንም በሰዓቱ ደርሶናል።

ስልጠናውን ብታገኙ ግቡ፣ በተለይ ሦስተኛና አራተኛው ቀን አያምልጣችሁ። የላስቲክ ጓንት ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ የተሰጠን ለእኛ እጅ አይገባም።