የቪዲዮ ድምፅ ሲበላሽ፦ ኦዳሲቲ፣ ሪዞልቭ ወይስ አርኤክስ?

ጥር ካለፈ በኋላ ስልኬ አያርፍም። ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ አንዳንዴም ከባሕር ዳር ካሜራ የያዘ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ምስሉ አንደኛ ነው፣ ድምፁ ግን ተበላሽቷል። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» እኔ ደግሞ ቀድሜ «ድምፁ ምን ሆነ?» እላለሁ። ድምፅ በብዙ መንገድ ይበላሻል፤ ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። ይህን ሳይለዩ ገንዘብ የሚያወጡ ልጆች ያሳዝኑኛል፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ሠርግ ቀርጾ የሚገኘውን ስለማውቀው።

ሶፍትዌር መግዛት የማያስፈልጋቸውን ሁለት ብልሽቶች አስቀድመን እናውጣ። ቪዲዮው ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ክፈቱት። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ደህና ነው፤ ዝም የሚለው የስልኩ ማጫወቻ ኤሲ3 ወይም ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት ስለማያነብ ነው። ለዚህ አንድ ብር አታውጡ።

አፍና ድምፅ ሲለያይ ደግሞ የቪዲዮውን መጀመሪያም መጨረሻም እዩ። ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ድምፁን ገፋ ማድረግ ብቻ ነው፣ ማንኛውም ኤዲተር ይሠራዋል። ቪኤልሲ ላይም ጄ እና ኬን ስትጫኑ በ50 ሚሊሰከንድ ይገፋል፣ ግን እዚያው ለማየት ያህል ነው እንጂ ፋይሉን አይነካውም። እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ስልኩ በየሰከንዱ የሚያነሳው የምስል ቁጥር (ፍሬም) እየዋዠቀ ነው የቀረጸው፣ ወይ በሰከንድ 29.97 ፍሬም የነበረው በ30 ተቆጥሯል፤ ይቺ ምንም የማትመስል ልዩነት በ1 ሰዓት ቪዲዮ 3.6 ሰከንድ ትሆንና ሽማግሌው መርቀው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ምርቃቱ ይሰማል። የሚዋዥቀውን ሃንድብሬክ የሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ በነፃ ወጥ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ኦዳሲቲና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፣ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኦዳሲቲ የሚያውቀው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁን ከቪዲዮው አውጥታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ መልሳችሁ ከምስሉ ጋር ታገጥማላችሁ። መመላለሱ ያሰለቻል፤ ግን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ ያለ ችግር ይሄዳል። ሪዞልቭ ምስሉንም ድምፁንም አንድ ቦታ ይዞ፣ ፌርላይት በሚባለው ክፍሉ ያሠራችኋል። እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ይመርጣል። 16 ጊጋ ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ ሥራው ሁሉ ጥበቃ ይሆንባችኋል።

ዳስ ውስጥ የመብራቱ፣ የስፒከሩና የሚክስሩ ገመድ ሲተበተብ የሚመጣውን «እምምም» የሚል ድምፅ ታውቁታላችሁ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ ድምፁ በ50፣ በ100፣ በ150 እያለ ይደረደራል። እዚህ ላይ ሪዞልቭ ይበልጣል፤ ዲ-ሃመር የሚባለውን ከፍታችሁ 50 ላይ ማድረግ ነው። 60 ላይ ትታችሁት «አልሠራም» እንዳትሉ። ኦዳሲቲም ያወጣዋል፣ ግን እያንዳንዱን ለየብቻ መቁረጥ አለባችሁ። እንደ ጀነሬተር ላለ ሳያቋርጥ ለሚጮኽ ድምፅ ግን እኔ ኦዳሲቲን እመርጣለሁ። ሰው ሳይናገር ጀነሬተሩ ብቻ የሚሰማበትን አንድ ሁለት ሰከንድ ታሳዩታላችሁ፣ ያንን ከሙሉው ላይ ይቀንሳል።

የሚከፈልበት የሪዞልቭ ስቱዲዮ 295 ዶላር ነው፣ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። የአዶቢው ቪዲዮ ኤዲተር ፕሪሚየር ፕሮ ግን በየወሩ ነው፤ ሠርግ በሌለበት በክረምቱም ይከፈላል። ስቱዲዮ ላይ ቮይስ አይሶሌሽን አለ፣ የሰውን ንግግር ከጫጫታ መሃል ነጥቆ ያወጣል። ቃለ መጠይቅ የምትሠሩ ከሆነ ለእሱ ብላችሁ ብትከፍሉ አይቆጫችሁም። ዘፈንና ማሲንቆ ላይ ግን አትክፈቱት፣ ማሲንቆውን እንደ ጫጫታ ነው የሚያየው።

አዶቢ ፖድካስት የሚባለው የኦንላይኑም እንዲሁ ለንግግር ብቻ ነው። ፋይሉን ወደ ኢንተርኔት ትልካላችሁ፣ ተጠርቶ ይመጣል፣ ውጤቱም አንዳንዴ ያስደነግጣል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቅኔ ሲዘረፍ የተቀረጸ ቪዲዮ አስገብቼበት ደንግጫለሁ። ድምፁ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ መሰለ፣ ቃሉ ግን ቦታ ቦታ ሌላ ሆነ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ ለስልሰው ነበር። እናንተ የጎጃም ልጆች ናችሁ፣ የቅኔ ወርቅ ከአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት እንደሚወጣ አልነግራችሁም። ለእንዲህ ያለ ቀረጻ ኦዳሲቲ ላይ የጫጫታ ቅነሳውን ከ6 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ሳታሳልፉ ትንሽ ጫጫታ ተዉለት። ጫጫታው ቢቀር ማንም አይጎዳም፣ ቃሉ ከጠፋ ግን ያው ጠፋ ነው።

እንጅባራ ጥር 23 የፈረስ ጉግሱን የምትቀርጹ ስለ ነፋስ ትጠይቁኛላችሁ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይረዳል፣ ያንን ሁሉም ይችላሉ። ማይኩን እስኪያፍነው የመታው ነፋስ ግን በየትኛውም አይወጣም። ለእሱ የሚገዛው ፀጉራም የማይክ ሽፋን ነው፣ ከሶፍትዌሩ ሁሉ ይረክሳል።

አርኤክስን ለመጨረሻ ያቆየሁት ውድ ስለሆነ ነው። አይዞቶፕ የሚባል ኩባንያ የሠራው ድምፅ መጠገኛ ነው፤ እውነት ለመናገር እሱን የሚያህል አላየሁም። ከበሮው ማይኩ አጠገብ ሲመታ ድምፁ ከልክ ያልፍና የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ብትቀንሱትም እየተሰነጠቀ ነው የሚሰማው። ኦዳሲቲ ክሊፕ ፊክስ የሚባል አለው፣ ለቀላሉ ይበቃል። አርኤክስ ግን የተቆረጠውን ጫፍ ከዙሪያው ገምቶ መልሶ ሲሠራው፣ ሊጣል የነበረ የእልልታና የከበሮ ድምፅ ይተርፋል። ኤለመንትስ የሚባለው ርካሹ ዓይነትም ይህ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት በሙከራ ጊዜው የራሳችሁን የተበላሸ ፋይል አስገቡበት። ዋጋው በዶላር ስለሆነ መክፈያውንም ቀድማችሁ አስቡ። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ ግን አትንኩ፣ በእሱ የገባ ቫይረስ የአንድ ወዳጄን የሁለት ዓመት ሥራ አጥፍቶበታል።

እንዲህ የተሰነጠቀ ፋይል በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ከገጠማችሁ አትግዙት፣ አርኤክስ ላለው ባለሙያ ከፍላችሁ አሠሩት። ስትልኩለት ኦርጅናሉን ላኩ። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጋችሁ፣ አለዚያ በመንገድ ይጨመቅና የተረፈውም ድምፅ ይጎዳል።